በባለ ጎማ ክሪክ መኪና አንስቶ ስታንድ ላይ ማሳረፍ፦ ከመሬቱ እስከ መጨረሻው ዳዶ

ባለ ጎማው ክሪክ መኪና ለማንሳት የተሠራ ነው፤ አንስቶ ለማቆየት አልተሠራም። ከፍ ያለውን መኪና ከመውረድ የሚያግደው ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚያግደው ደግሞ አንድ የጎማ ማሸጊያ (ጎሚኒ) እና አተር የምታህል የብረት ኳስ። ጎሚኒው ካረጀ ወይም ከኳሷ ስር የአሸዋ ቅንጣት ከገባ ክሪኩ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ፈጅቶ፣ አንዳንዴ በአንድ ትንፋሽ። ጎማ ብቻ ለመቀየር፣ እጅም እግርም ከመኪናው ስር እስካልገባ ድረስ፣ ክሪኩ ይበቃል። ዘይት ለመቀየር፣ የፍሬን ሸራ ለማየት ወይም ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ለመፍታት ግን መኪናው ስታንድ (ቁመቱ የሚስተካከል ባለ እግር የብረት መደገፊያ) ላይ ማረፍ አለበት። «አንዴ ብቻ አየት ላድርግ» ተብሎ የሚገባበትም ጊዜ ከዚህ አይለይም።

መጀመሪያ መሬቱ

ከክሪክ ጋር የሚመጣው ወረቀት «ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ» ይልና ያልፋል። የሲሚንቶ ወለል ላለው ጋራዥ ይኼ በቂ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባህር ዳር በግቢው ውስጥ የራሱን መኪና ለሚያነሳ ሰው ግን የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ከአፈሩ እንጀምር። ከደጀን ወደ ቢቸና ስትሄዱ የምታገኙት ጥቁር ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ውሃ ሲጠግብ እንደ ሊጥ ነው። የመራዊና የፍኖተ ሰላም ቀይ አፈር ደረቅ ሲሆን ይሻላል፤ ዝናብ ካደረበት ግን ላዩ ይንሸራተታል። አንድ ኮሮላ ወደ 1,200 ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩ ፊት ስለሆነ ፊቱን ስታነሱ እያንዳንዱ ስታንድ 350 ኪሎ አካባቢ ይሸከማል፤ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በአራት ቀጫጭን የብረት ጠርዞች ላይ ነው። በቀጥታ አፈር ላይ ከቆመ አንዱ እግር ከሌሎቹ ቀድሞ ይሰምጣል፣ ስታንዱ ያዘነብላል። ማዘንበል ከጀመረ ደግሞ ክብደቱ ራሱ ይገፋዋል እንጂ አይመልሰውም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስታንድ ስር አራት ማዕዘን መርገጫ ይግባ፦ በየጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር። የባህር ዛፍ ጣውላ በየቦታው አለ፤ ችግሩ ሲደርቅ በቁመቱ መሰንጠቁ ነው። አንድ ወፍራም ጣውላ ከምትጠቀሙ ሁለት ሳሳ ያሉ ወስዳችሁ፣ የአንዱ ክር ወደ ቁመት የሌላው ወደ ወርድ እንዲሆን አመሳቅላችሁ በምስማር አጣብቋቸው። የምስማሩ ጫፍ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳይወጣ። መርገጫውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ልል የሆነውን አፈር በአካፋ ግፈፉ፣ ቦታውን በእግራችሁ ርገጡ፣ ጣውላው ሳይወዛወዝ መቀመጡን እዩ። በክረምት ግን አፈር ላይ መኪናን በስታንድ አሳድሮ ጠዋት ከስሩ መግባት አይመከርም፤ ማታ ደልዳላ የነበረው ጠዋት ያው ላይሆን ይችላል።

ኮብልስቶን ሌላ ጣጣ አለው። የክሪኩ ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ በር በማጠፊያው ዙሪያ ይዞራል። መኪናውን የሚነካው ክብ ሳህን ከፍ እያለ ሲሄድ ወደ እጀታው በኩል ይመለሳል። መኪናው ጎማው ስር ታኮ (የእንጨት ሽብልቅ) ስላለበት ካለበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ክሪኩ ራሱ ወደ መኪናው ስር መንከባለል አለበት፤ የብረት ጎማ የተገጠመለትም ለዚሁ ነው። እነዚያ ትንንሽ ጎማዎች በሁለት ድንጋይ መሃል ከተቀረቀሩ ሳህኑ ከተደገፈበት ቦታ ይንሸራተታል፣ ወይም መኪናውን ከታኮው ላይ ይጎትተዋል። «እንዳይሄድ» ብለው የክሪኩን ጎማ በድንጋይ የሚያግዱ አሉ፤ አደጋውን በገዛ እጃቸው እየጠሩት ነው። በኮብልስቶንም በአፈርም ላይ ከክሪኩ ስር ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ቢያንስ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ አንጥፉ። ከላዩ ላሜራ ቢኖርበት ጎማዎቹ የበለጠ ይሽከረከራሉ። ክሪኩ ወደፊት የሚሄድበት ቦታ እንዲኖረው ሰሌዳውን ወደ መኪናው ስር አርቃችሁ አስገቡት።

አስፋልትም አይታመንም። በመጋቢትና በሚያዝያ የባህር ዳር የቀትር ፀሐይ አስፋልት ያለሰልሳል፤ የስታንድ እግር ቀስ ብሎ ይገባበታል። እዚያም መርገጫ ይግባ።

ተዳፋቱን ለመለካት ውሃ ልክ ከሌላችሁ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ መሬቱ ላይ አጋድሙት፤ አንዴ በመኪናው ቁመት፣ አንዴ በወርዱ። ውሃው ከጠርሙሱ ጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከቆመ ጥሩ ነው። ወደ አንድ በኩል በግልጽ ከሸሸ፣ ወይም ጠርሙሱ ራሱ ከተንከባለለ፣ ቦታ ቀይሩ። ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ጎማ የፈነዳበት ሰው ዝግ ብሎ እስከ ቅርቡ ደልዳላ ቦታ ቢነዳና ጎማው ቢበላሽበት ይሻለዋል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከመኪና ስር መግባት ፈጽሞ አይታሰብም።

ክሪኩና ስታንዱ

ለቪትዝና ለኮሮላ ባለ 2 ቶን ክሪክ ይበቃል። ለሃይሉክስ፣ ለሃይስ ሚኒባስና ለላንድክሩዘር ባለ 3 ቶን ያዙ። ክሪክ የሚያነሳው የመኪናውን አንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ 2 ቶን ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ክሪክን አቅሙ ጫፍ ላይ ማሠራት ጎሚኒውን ይጨርሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቁመት ጠይቁ፦ ሳህኑ ዝቅ ሲል ስንት ነው፣ ከፍ ሲል ስንት። ተራዎቹ ዝቅ ብለው 13 እና 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ጎማው አየር ከጎደለው ቪትዝ ስር ለመግባት ይቸገራሉ። ለሃይሉክስ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ከፍታው ነው፤ ክሪኩ እስከ ጫፉ ተነስቶ ጎማው ገና መሬት ላይ ሊሆን ይችላል።

ስታንድ ሁልጊዜ በጥንድ ይገዛል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። የተጻፈውን ቶን ስታነቡ ለአንዱ ነው ወይስ ለጥንዱ የሚለውን ለዩ፤ ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው ለጥንዱ ነው። ምሰሶው በጥርስ የሚቆመው ፈጣን ነው፤ በወፍራም ፒን የሚያዘው ግን ይበልጥ ያስተማምናል፣ ምክንያቱም ፒኑ መግባቱን በዓይን ታዩታላችሁ። ጥርስ ያለውን ከገዛችሁ ምሰሶውን ወደ ላይ ሳቡ፣ ጥርሱ እስከ መጨረሻው መግባቱን እጀታውን ወደ ታች ተጭናችሁ አረጋግጡ። በአካባቢ ብየዳ ቤት የተሠራ ስታንድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ብየዳው ላይ ቀዳዳ፣ ስንጥቅ ወይም ቀለም የሸፈነው ዝገት ካለ ግን አትጠቀሙበት። ከፌሮ የተበየደውንም ተዉት፤ ፌሮ ከጎን ሲገፋ ይተጣጠፋል።

ብሎኬት የስታንድ ቦታ አይገባም። ውስጡ ክፍት ነው፤ ክብደት በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የድንጋይ ቁልል ያንሸራትታል። የተጠረበ ድንጋይም ቢሆን ያው ነው።

አንድ ርካሽ ነገር ጨምሩ፦ በረባሶ ከሚሠሩት ዘንድ ሽቦ የሌለበት፣ 2 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የጎማ ቁራጭ። መሃሉን በሹል ቢላ ፈልፍላችሁ ቦይ አውጡለት። ጥቅሙን ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

መኪናውን ማን ይይዘዋል?

ብዙ ሰው የእጅ ፍሬን ስቦ ማርሽ ካስገባ መኪናው የታሰረ ይመስለዋል። የትኛው ፍሬን የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ አስቡ። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ይይዛል። ቪትዝ የሚገፋው በፊት ጎማ ስለሆነ ማርሹ የሚይዘው የፊቶቹን ነው። ስለዚህ የቪትዝ ፊቱ ሲነሳ የእጅ ፍሬን ብቻ ቀረላችሁ፤ ኋላው ሲነሳ ማርሹ ብቻ።

ሃይሉክስና ሃይስ ይከፋሉ። የእጅ ፍሬኑም ማርሹም የሚይዙት የኋላ ጎማዎችን ነው። ኋላው በሙሉ ከተነሳ የፊት ጎማዎች በነፃ ይሽከረከራሉ፤ ታኮ ከሌለ መኪናው ከስታንዱ ላይ ይሄዳል። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ብታነሱም ማርሹ አይረዳችሁም፤ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) አየር ላይ ያለውን ጎማ እንዲሽከረከር ስለሚፈቅድለት መሬት ላይ ያለው ጎማ ይለቀቃል። አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ የእጅ ፍሬኑ ራሱ የሚይዘው ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ስለሆነ ያው ነገር ይደርሳል፤ አንድ የኋላ ጎማ ሲነሳ ፍሬኑም ጭምር ይለቃል። ለዚህ ነው ረዳቶች ታኮ ሳይዙ የማይወርዱት።

ታኮ ማለት ክብ ድንጋይ ማለት አይደለም። ከአራት ማዕዘን እንጨት ተጋድሞ የተቆረጠ፣ ከፍታው የጎማው ሩብ የሚሆን (ለቪትዝ 14 ሴንቲ ሜትር አካባቢ) ሽብልቅ ነው። መሬት ላይ ለሚቀሩት ሁለት ጎማዎች አራት ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ከፊትም ከኋላም።

የት ይነሳል?

የቤት መኪና በር ስር እጃችሁን ብትሰዱ ወደ ታች የወጣ ሁለት እጥፍ የላሜራ ጠርዝ ታገኛላችሁ። ከፊት ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ጎማ ትንሽ ወደ ፊት፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ጭረቶች ወይም ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ። በእነዚያ ምልክቶች መሃል ያለው ቦታ ተጠናክሯል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ግን ተራ ላሜራ ነው፣ ይጣመማል። የበረባሶው ጎማ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ ጠርዙ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱ ግራና ቀኝ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ያርፋል። ያለ ጎማ ከተነሳ ጠርዙ ይታጠፋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ በሁለተኛው ክረምት ዝገት ይጀምረዋል።

አንድ ጥያቄ ሁሌ ይነሳል፦ ክሪኩ ምልክቱ ላይ ካረፈ ስታንዱ የት ይሂድ? ለዚህ ነው ባለ ጎማው ክሪክ ከመሃል የሚያነሳው። ፊቱን ስታነሱ በሞተሩ ስር የሚያልፈውን ወፍራም አግዳሚ ብረት ፈልጉ፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ቦታውን በሥዕል ያሳያል። ከዚያ በኋላ የጎን ምልክቶቹ ለስታንዶቹ ነፃ ይሆናሉ። የዘይት መያዣውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ የራዲያተሩን መደገፊያና የመሪ ዘንጎችን አትንኩ። የዘይት መያዣው ቀጭን ነው፤ ሲጎደጉድ ዘይት መሳቢያውን ይደፍናል፣ ሞተሩ የሚበላሸው በሌላ ቀን ነው።

ሃይሉክስና ሃይስ ኋላ ላይ ድፍን አክስል ስላላቸው ክሪኩ ከዲፈረንሻሉ ኳስ ስር ሊያርፍ ይችላል፤ በቡሎን የታሰረ ክዳን ካለው ግን ክዳኑን አይንካ። ስታንዶቹ ከአክስሉ ቧንቧ ስር፣ በተቻለ መጠን ወደ ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ተጠግተው ይቁሙ፤ የፍሬን ዘይት ቧንቧ በዚያው ያልፋልና እንዳትጨፈልቁት። ባሌስትራ ወይም አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃ) መፍታት ካሰባችሁ ግን አክስሉ ነፃ መሆን ስላለበት ስታንዶቹ ሻሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ስር ይግቡ። የቪትዝ የኋላ ጎማዎችን የሚያገናኘው አግዳሚ ብረት መሃል ላይ ክሪክ አታሳርፉ፤ ለመጠማዘዝ እንጂ ከመሃል ለመደገፍ አልተሠራም።

ባጃጅ በሰው እጅ ስለሚጋደም ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

ማንሳቱ

1. ጭነት አውርዱ። ከኋላው 5 ኩንታል ጤፍ የጫነ ሃይሉክስ ኋላው ላይ 500 ኪሎ ተጨምሮበታል። ሰው ይውረድ፣ በሮች ይዘጉ፣ ልጆችና ውሻ ከግቢው ይውጡ። ቢቻል አንድ ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

2. የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ አንደኛ ማርሽ ወይም «ፒ» አስገቡ፣ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ።

3. ጎማ የምትፈቱ ከሆነ ጎማውን የሚያስሩትን ዳዶዎች አሁን፣ መሬት ላይ ሳለ፣ በግማሽ ዙር አላሏቸው። አየር ላይ ካለ መኪና የተጣበቀ ዳዶ መታገል መኪናውን ከስታንድ የሚጥል ጉልበት ነው።

4. የክሪኩን እጀታ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ቫልቩን ዝጉ። ሳህኑ ከመኪናው አንድ ጣት ሲቀረው አቁሙ። ጎንበስ ብላችሁ ሳህኑ ከነጥቡ ስር እኩል መሆኑን እዩ፤ ወደ ዳር ከሆነ ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ አንሱና እንደገና አቁሙ። አሁን አራት ነገር ታያላችሁ፦ ታኮዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው ወይ፣ የክሪኩ ጎማዎች ተንከባለዋል ወይ፣ ሳህኑ አልሸሸም ወይ፣ ሰሌዳው አልጎበጠም ወይ። ከአራቱ አንዱ ከተበላሸ አውርዳችሁ እንደገና ጀምሩ። 5 ሴንቲ ላይ የታየ ስህተት 30 ሴንቲ ላይ ይብሳል እንጂ አይስተካከልም።

5. ከምትፈልጉት በላይ አታንሱ። ጎማ ለመፍታት ጎማው ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከለቀቀ በቂ ነው፤ ከስር ተኝቶ ለመሥራት የመኪናው ጠርዝ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

6. ስታንዶቹን ከጎን፣ እግራቸውን ይዛችሁ ግፏቸው። ራስና ደረት ከመኪናው ውጭ ይቆያል። ሁለቱም በአንድ ጥርስ ወይም በአንድ ቀዳዳ ላይ ይሁኑ፤ ቆጥራችሁ አረጋግጡ።

7. ቫልቩን እጅግ በዝግታ ወደ ግራ አዙሩ፤ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። መኪናው ስታንዱን ሲነካ አቁሙና ሁለቱም እኩል መንካታቸውን እዩ። አንዱ ቀድሞ ከነካ መሬቱ ወይም ጥርሱ አልተስተካከለም ማለት ነው፤ መልሳችሁ አንሱ።

8. ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ስታንዱ ላይ ካረፈ በኋላ ቫልቩን ዝጉና ሳህኑ መኪናውን በቀላሉ እስኪነካ ክሪኩን መልሱት። ካስፈለገ ሁለተኛ መከታ ይሆናል። የተፈታውንም ጎማ አጋድማችሁ ከበሩ ጠርዝ ስር አስገቡት።

9. ከስር ከመግባታችሁ በፊት ግፉት። ዳሌያችሁን መከላከያው ላይ አድርጋችሁ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በኃይል ወዝውዙ። የሚወድቅ ከሆነ አሁን ይውደቅ። የስታንድ እግር ቢነሳ ወይም ሲጢጥ የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትግቡ።

አራቱንም ጎማ ማንሳት ሌላ ሥራ ነው። ኋላውን ስታነሱ ፊት ያሉት ስታንዶች ላይ ያለው ማዕዘን ይለወጣል፣ ታኮ የሚደረግበት ጎማም አይቀርም። በሲሚንቶ ወለል ላይ ካልሆነ በቀር አትሞክሩት፤ ከሞከራችሁም በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ቆማችሁ የፊቶቹን እዩ።

ክሪኩ ሲያስቸግር

እየተመታ የማያነሳ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚመለስ ክሪክ አየር ገብቶበታል። ጭነት ሳይኖርበት ቫልቩን ክፈቱ፣ እጀታውን አስር አሥራ አምስት ጊዜ በፍጥነት ምቱ፣ ዝጉና ሞክሩ። እስከ ጫፉ የማይደርስ ከሆነ ዘይት ጎድሎታል፤ ክንዱን ሙሉ በሙሉ አውርዳችሁ በመሙያው ቀዳዳ በኩል የክሪክ ሃይድሮሊክ ዘይት ጨምሩ። የፍሬን ዘይት አታስገቡ፤ የክሪኩን ጎሚኒ ያሳብጠዋል። ጭነት ይዞ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ወይ ቫልቩ ቆሽሿል ወይ ጎሚኒው አልቋል፤ እስኪጠገን ድረስ ጎማ ለመቀየርም አይሁን።

ማውረዱ

ዕቃው ሁሉ ከስር ይውጣ፤ ጎማው ከተመለሰ ዳዶዎቹ በእጅ፣ ከዚያ በቁልፍ በቀላሉ ይጥበቁ። መኪናውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አንስታችሁ ስታንዶቹን አውጡ፣ ከዚያ ቫልቩን በጥቂቱ ከፍታችሁ በዝግታ አውርዱ። ታኮው የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው።

ጎማዎቹ መሬት ሲይዙ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ አጥብቁ፦ አንዱን፣ ከዚያ ከፊት ለፊቱ ያለውን። ቪትዝ 4፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ሃይሉክስ 6 አለው። ለቪትዝና ለኮሮላ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሚለካ ቁልፍ ከሌላችሁ 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ቧንቧ አስረዝሞ በእግር መቆም ቡሎኑን ይስባል፣ የፍሬን ዲስኩንም ያጣምማል። ቡሎኑ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ አትቀቡ። ዳዶ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሊላላ ይችላል፤ ከባህር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ዳንግላ ላይ ይቁም፣ ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ፣ እንደገና በዚያው ልክ ያጥብቅ።